የሳነቴዋ አበባ በሀዋሳ ፀሐይ

ሀሴት የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የአያቷን ፊት ነው። ያ ፊት እንዲህ የሚያበራው ወይ የታመመ ሰው ሲድን፣ ወይ እማማ ካሰች ማንም ሳያዛቸው አንድ ትልቅ ሥራ ሠርተው ሲያበቁ ብቻ ነው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ እስክታወርድ እንኳ አልታገሧትም፤ እጇን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዷት።

«እያቸው እስኪ» አሉ። «በብርድ ሊያልቁልሽ ነበር እኮ። መሬት ላይ ተለጥፈው፣ አበባቸውን እንደ አራስ ልጅ ጡጫ ጨብጠው። ነፍስ ያለውን ነገር ፍሪጅ ውስጥ የሚከት ምን ዓይነት ሰው ነው?»

የመጋቢት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲጠብሰው በዋለው ሲሚንቶ ላይ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በየጣሳው አንዳንድ ተክል ነበር። ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ቅጠሎቻቸው አፈሩ ላይ እንደ ኮከብ ተዘርግተው፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር እንደ ጥጥ ነጭ ሆነው ትታቸው ነበር። አሁን የተቀቀለ ጎመን መስለዋል። አንዱን ጣሳ ልታነሳ ብትነካው ጣቷን ፈጃት።

«ለብ ባለ ውሃ ነው ያጠጣኋቸው» አሉ እማማ ካሰች። «ገና ድንጋጤው አልለቀቃቸውም እንጂ እስከ ነገ ቀና ይላሉ። የሱፍ አበባ ዘመድ ናቸው ብለሽኝ የለ? ሱፍ ደግሞ ፀሐይ ካላየ ምኑን ሱፍ ሆነ?»

የአያቷ እጅ የሀሴት ትከሻ ላይ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ገላዋን ያጠባት፣ ጸጉሯን የሠራት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ የሸኛት እጅ ነው። ለዚህ እጅ ባለቤት እንዴት ተብሎ «ገደልሻቸው» ይባላል?

«ደግ አደረግሽ እማማ» አለች።

ውሸቱ እንዲህ ቀሎ ወጣ። አሮጊቷ ግንባሯን ስመው መረቋት፤ ምርቃቱም ሥጋዋ ውስጥ እንደ እሾህ ገባ።

*

አበቦቹ የዮፍታሄ ናቸው። ዮፍታሄ የጎባ ልጅ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ሀዋሳ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሳቁ ግን ሳይታሰብ የሚፈነዳ። ሀሴት በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን ሜዳ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ እሱ ሲያወራላት ግን የእግሯ ጣቶች ይቀዘቅዟት ነበር። እዚያ፣ ይላታል፣ ክረምትና በጋ ወር ቆጥረው አይመጡም። ማታ መሬቱን ውርጭ ይነክሰዋል፣ ጠዋት ፀሐይዋ ወጥታ ታላቅቀዋለች። አበባዋም ይህን ስለምታውቅ ግንድ አላበጀችም፤ ንፋስ አንገቷን እንዳይቀነጥሰው አንገት የላትም። ደመና ሲመጣ ትከደናለች፣ ፀሐይ ስትመለስ ትከፈታለች። እንደ አደይ አብባ፣ ዘርታ፣ ደርቃ የምትቀርም አይደለችም፤ ሥሯ ከዓመት ዓመት እዚያው አፈር ውስጥ ይኖራል። «እናቴ በልጅነቷ ረግጣት ያለፈቻትን እኔ ዛሬ በማስመሪያ እለካታለሁ» ብሎ ይስቃል።

ከሱፍ አበባ ጋር አንድ ወገን መሆኗን የነገራትም እሱ ነው። ያን ቀን ግን ሌላም ነገር ጨምሮላት ነበር።

«ዘመዷን አይተሽ እንዳትሸወጂ» ነው ያላት። «ይቺን የሚያኖራት ብርዱ ነው። ብርዱን ከወሰድሽባት ትሞታለች።»

ጠሀ የሚባል የላቦራቶሪው ባልደረባቸው ሁለቱ አበባ ላይ አጎንብሰው ባየ ቁጥር አያልፋቸውም። ሰው ለፍቅረኛው አበባ ያመጣል፣ ይሄ ልጅ አበባው እንዳይሞቃት ፍቅረኛውን ያሯሩጣል፣ እያለ ይቀልድባቸዋል። ሀሴት ትስቅና በሩ መዘጋቱን ዞራ ታያለች። ፍቅራቸው በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚኖር ነበር። ስልኳ ላይ ስሙን የመዘገበችው «ላቦራቶሪ» ብላ ነው። ዮፍታሄ አንድ ቀን አየው። ጆሮው ቀላ።

ምን ታድርግ? አባቷ አቶ ኩማ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። በሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለስላሳና ውሃ የሚያከፋፍሉ፣ በጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ከእምነታቸው ውጭ ያገባች ጊዜ ሠርጓ ላይ አልተገኙም። በዚያው ቀን ግን መኪናቸውን ጓሮ አቁመው፣ መስታወቱን ዘግተው፣ መሪው ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ሀሴት በመስኮት አይታቸዋለች። ዮፍታሄ ደግሞ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳይገድፍ የሚጾም የኦርቶዶክስ ልጅ ነው። አባቷ ቢቆጡ ትችለው ይሆናል። ያንን ለቅሶ ግን በእሷ ምክንያት ዳግመኛ ለማየት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ «ከፋሲካ በኋላ» ትለዋለች። ፋሲካው አልፎ ሌላ ፋሲካ ተቃረበ።

እንዲህ እንዳሉ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ሞተሩ ተቃጠለ። ጠጋኝ ይመጣል ተባለ፤ አበባ ግን ጠጋኝ አይጠብቅም። ዮፍታሄም በዚያው ሳምንት ወደ ሳነቴ መውጣት ነበረበት፤ ጥናቱ እዚህ በማቀዝቀዣ ያሉትንና እዚያ ተራራው ላይ ያሉትን በአንድ ሳምንት ለክቶ ማወዳደር ነው፤ አንደኛው ወገን ከጎደለ ሌላው ዋጋ የለውም። መፍትሔውን ያመጣችው ሀሴት ናት። እነሱ ቤት ጓሮ ካለው ክፍል ከሱቅ የተረፈ ባለ መስታወት በር ፍሪጅ አለ፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ። ያለ ፈቃድ ነበርና ጣሳዎቹን በካርቶን ከተው፣ ካርቶኑን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ ጫኑት። ሹፌሩ ዞር ብሎ አይቶ፣ አራስ ልጅ ከሆነ ቀስ ብዬ ልንዳ፣ አላቸው። ዮፍታሄ በሳቅ ፈነዳ። ቤቷ ሳይደርሱ ግን ከአንድ ማዞሪያ በፊት አወረደችው፤ ማንም እንዳያየው።

ቤት ስትገባ አባቷ ጠየቋት፤ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው፣ አትንኩት፣ አለች። አያቷ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቀው የሚተዉ ሰው አይደሉም። ምንድን ናቸው? የማን ናቸው? ለምን ቀዘቀዙ? ሀሴት ስለ ብርዱ ለማስረዳት ስለ ሳነቴ ልታወራ ነው፤ ስለ ሳነቴ ካወራች ደግሞ ማን እንደነገራት ልትጠየቅ ነው፤ ድምፅዋም ያንን ስም ሲጠራ አይታመንም። ስለዚህ ከእውነቱ ትንሿን ቆርሳ ሰጠቻቸው።

«የሱፍ አበባ ዘመድ ናቸው እማማ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

*

ዮፍታሄ ከተራራው ሲመለስ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ነበር። ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው መጣ። ሀሴት ጣሳዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትጠብቀው ነበር፤ ሬሳ እንደሚጠብቅ ሰው እጇን አጣጥፋ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። አንዱን ጣሳ አነሳ፣ በጣቱ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ ሥሩን አወጣ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሥሩ ላሽቆ እጁ ላይ ተበጣጠሰ። ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛውን ሲደርስ ማየቱን ተወው።

ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቃት። መልሱን ሌሊቱን ሁሉ ስታጠናው አድራ ነበርና ሳትደናቀፍ ወጣላት፤ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩን ማስነሳት ነበረብኝ፣ ረሳሁ። ይህን ስትል አያቷን የሸፈነች መሰላት። አሮጊት ሴት ናቸው፣ በሌሉበት ለምን ስማቸው ይነሳ፣ እኔው ልሸከመው፣ አለች ለራሷ። የልቧ ጥግ ግን ሌላውን ያውቃል። አያቴ ናት ካለች፣ «አልነገርሻትም ነበር እንዴ?» ይላታል። ይህን ጥያቄ ነበር የሸሸችው።

«ረሳሽ?» አላት ዮፍታሄ።

ቀና ብሎ አያት። በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣ ብትፈልግ አጣች። ያየችው፣ በማያውቀው ከተማ ዕቃውን አደራ ሰጥቶ ሲመለስ ቤቱ የፈረሰበትን መንገደኛ ዓይን ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ይወጣል። ጠሀ እንኳ መቀለዱን ተወ። አንድ ቀን ብቻዋን አግኝቷት፣ የማላውቀው ነገር ውስጥ አልገባም፣ ግን ይህን እወቂ ብሎ ነገራት። የዮፍታሄ አማካሪ ተክሎቹ የት እንደሞቱ ሲጠይቀው ስሟን አላነሳም። ያለ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው ብሎ ፈረመ። ትምህርቱ በአንድ ዓመት ተገፋ። ሊሰጠው የታሰበው የረዳት መምህርነት ቦታም ለሌላ ሰው ሆነ።

ሀሴት የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ላይ እጇን አስደግፋ ቆመች። እሷ አያቷን ሸፈንኩ ስትል እሱ እሷን ሸፍኖ ነበር፤ በእሱ መሸፈን ውስጥ ግን ውሸት አልነበረበትም።

በማግስቱ የጋዋኗ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። የዮፍታሄ ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ጣሳዎቹ ምልክት በእርሳስ የተጻፈ።

«ሀሴት፤ ከፋሲካ በኋላ እናቴ ሽማግሌ ልትልክ አጎቴን አነጋግራ ነበር። እንዲቆይ ነግሬያታለሁ። የቀረው አበባው ስለሞተ አይደለም፤ አበባ ሌላ አመጣለሁ። ግን በዚያ ብርድ ውስጥ ተንበርክኬ ስለካ፣ ሁልጊዜ አንቺ እዚህ በሩን ከፍተሽ ስታያቸው ይታየኝ ነበር። ሰው የሚወደውን አይረሳም። አልተቆጣሁሽም።»

«አልተቆጣሁሽም» የሚለውን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቃል የሚከፋ ስድብ በዕድሜዋ አልሰማችም።

*

ቤት ውስጥ ደግሞ እማማ ካሰች አሉ። ሀሴት ጣሳዎቹን ወደ መሥሪያ ቤት ከመለሰች ወዲህ ስለ አበቦቹ ሳይጠይቁ የዋሉበት ቀን የለም። ቀና አሉ ወይ? ፈኩ ወይ? መሥሪያ ቤትሽ አመሰገነኝ ወይ? ሀሴትም ቀና ብለዋል ትላለች፣ ፈክተዋል ትላለች፣ አመስግነውሻል ትላለች። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ ቤቱን ሞላው። አሮጊቷም ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩት፤ የዩኒቨርሲቲውን አበባ ከሞት ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ልጅቷ ግን ምግብ አልወርድላት አለ። ጉንጯ ጎደጎደ። እማማ ካሰች ግንባሯን በመዳፋቸው ዳበሱና ይሄ ምች ነው ብለው ፈረዱ፤ ዳማከሴ አሽተው ጭማቂውን በብርጭቆ አቀረቡላት። መራራውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ትንሽ እንኳ አልተንገፈገፈችም፤ የሚገባት መሰላት።

«የምትደብቂኝ ነገር አለ» አሉ አያቷ ብርጭቆውን እየተቀበሉ። «አልጠይቅሽም። ግን ዓይኔ እያየ አትለቂብኝ።»

ይህ ቅዳሜ ነው። እሑድ ከአምልኮ እንደወጣች ለዮፍታሄ ስልክ ደወለችለት። ፍቅር ሐይቅ እንድንገናኝ እፈልጋለሁ አለችው። ፍቅር ሐይቅ ተገናኝተው አያውቁም። የሀዋሳ ሰው ሁሉ እሑድ ከሰዓት የሚንሸራሸርበት፣ የጸሎት ቤቷ ምእመናን ልጆቻቸውን ይዘው የሚያልፉበት ቦታ ነው። ስንት ጊዜ እሱ ለምኗት እሷ የሸሸችው ቦታ። እመጣለሁ አለ።

ዛፍ ሥር ካለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ውሃው ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እንደ ደከማቸው ሽማግሌዎች ተኮራምተው ቆመዋል። ሀሴት የገዛችውን ቆሎ በመሐላቸው አስቀመጠች፤ አልነካውም። መግቢያ ስትፈልግ ብትቆይ ምናልባት ጨርሶ እንደማትናገረው ገባትና ከመጨረሻው ጀመረች።

«አልረሳኋቸውም» አለች። «መብራትም አልጠፋም። አያቴ ናት ያወጣቻቸው። በርዷቸዋል ብላ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው፤ ለብ ባለ ውሃ አጠጣቻቸው።»

ዮፍታሄ ወደ ሐይቁ እያየ ነበር። ቀስ ብሎ ዞረ።

«ፀሐይ ላይ አወጧቸው? በርዷቸዋል ብለው?»

ያ ያልታሰበው ሳቁ ደረቱ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ። ዓይኑ ግን ራሰ። እናቱም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር አለ። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ፤ ቀጥሎ የመጣው ከቀድሞም የፈራችው ጥያቄ ነው። ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም አላት። ብርድ ነው የሚያኖራቸው ማለት ምን ያህል ከባድ ነው?

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት፣ በጠጠሩ መንገድ ላይ እትዬ ዓይናለም ብቅ አሉ። የጸሎት ቤቷ መዘምራን አስተባባሪ፣ የአባቷ የቅርብ ወዳጅ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፈገግ ብለው ወደ እነሱ አመሩ።

እንግዲህ ሰውነት ባለቤቱን አይጠይቅም። ሀሴት ሳታስበው ከመቀመጫው ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ቦርሳዋንም አንስታ በእሷና በዮፍታሄ መካከል ተከለችው። ቆሎው ተበተነ። እትዬ ዓይናለም ሳሟት፣ ስለ አባቷ ጠየቁ፣ ዓይናቸው ግን እሱ ላይ ነው።

«ይሄ ልጅ ማነው?» አሉ።

«የመሥሪያ ቤት ነው» አለች ሀሴት።

ሴትዮዋ ደህና ዋሉ ብለው አለፉ። ዮፍታሄ የተበተነውን ቆሎ ከመቀመጫው ላይ አንድ አንድ እያለ ለቀመ። ድምፁ ሲወጣ ዝግ ያለ ነበር።

«አበቦቹንም እንዲህ ነው ያልሻቸው?»

ከዚህ በላይ የምትሸሽበት ቦታ አልነበረም። ከኋላዋ ሐይቁ ነው።

«አዎ» አለች። «የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው አልኩ። ያንተ ናቸው ማለት አቃተኝ። ያንተ ናቸው ብል ኖሮ እማማ አትነካቸውም ነበር፤ አደራ ታከብራለች። ፀሐይ አልገደላቸውም ዮፍታሄ። በአንተ ማፈሬ ነው የገደላቸው።»

ተነሳ። ሱሪውን አራገፈ።

«እኔኮ የረሳሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት። «ለካ መርሳት ይሻል ኖሯል።»

ሲሄድ ጀርባውን አየችው። የሄደው ሰው ብቻ አልመሰላትም፤ ሥራውን ተነጥቆ፣ ዓመቱን ተነጥቆ፣ አሁን ደግሞ በሰው ፊት ስሙን የተነጠቀ ሰው ነው፣ ሁሉንም የወሰደችበት እሷ ናት። እግሯ ተነሳ። ወደ እሱ አልሮጠችም፤ ወደ እትዬ ዓይናለም ሮጠች። ሴትዮዋ በሩጫዋ ደንግጠው ቆሙ። ቅድም ዋሽቼዎታለሁ አለቻቸው፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እሱ እንዲሰማ፣ በአጠገባቸው የሚያልፉትም ቢሰሙ ግድ ሳይሰጣት።

«ዮፍታሄ ይባላል። የምወደው ሰው ነው። ለአባዬ ከእርስዎ በፊት እኔ ልንገረው፤ ይህን ብቻ ይታገሡኝ።»

እትዬ ዓይናለም አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ እንግዲያው ቶሎ በይ፣ እኔ አፌ ምስጢር አያሳድርም፣ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዮፍታሄ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ይህን ያደረግሽው ለእኔ ነው» አላት «ወይስ ጸጸትሽ እንዲቀልልሽ?»

«አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል» አለች። «ቤት እንሂድ። አሁን። ማዞሪያው ላይ አላወርድህም።»

*

እማማ ካሰች በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። እንግዳውን ሲያዩ ቢላዋውን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ዮፍታሄ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከንፈሩን ምን እንደሰነጠቀው በአንድ ትንፋሽ ጠየቁት።

ሀሴት መልሱን ለእሱ አልተወችለትም። ከፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። አበቦቹ የእሱ እንደሆኑ። ብርዱ ምግባቸው እንደነበር። ያን ቀን ማታ ሞተው እንዳገኘቻቸው። ቀና ብለዋል፣ ፈክተዋል፣ አመስግነውሻል ያለችው ሁሉ ከአፏ የወጣ ባዶ ቃል እንደሆነ።

አሮጊቷ በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። የላጡት ሽንኩርት ይሁን ሌላ፣ ዓይናቸው ሞላ።

«ታዲያ ዝም ብለሽ ስታስኮፍሺኝ ከረምሽ?» አሉ። «ለመንደሩ ሁሉ ስናገር፣ ስመርቅሽ፣ አንቺ አሜን እያልሽ? ያረጀ ሰው እውነት አይችልም ያለሽ ማን ነው ሀሴት? እኔ እናትሽን በእጄ ቀብሬ አንቺን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። አበባ ሞተ ብትይኝ የምሞት መስሎሽ ነው?»

ሀሴት አንገቷን ደፋች። እንዳይጎዱ ስትል የዋሸቻቸው ሁለቱም ሰዎች በዚያው ውሸት ተጎድተው ከፊቷ ቆመዋል።

እማማ ካሰች ወደ ዮፍታሄ ዞሩ። ገደልኩብህ ልጄ አሉት፤ ሊነሱና ይቅርታ ሊጠይቁት ሲሉ ቀድሟቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከተራራው ካመጣቸው ጊዜ ጀምሮ ሲመዝናቸው፣ ሲለካቸው፣ ሲቆጥራቸው መክረሙን፣ በርዷችኋል ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነገራቸው። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አበቦቹ ያለቀሰው በዚያ በረንዳ ላይ፣ በማያውቃቸው አሮጊት ፊት ነው። እሷ ፊት አልነበረም፤ ሀሴት ይህንን ልብ አለች፣ መቀበልም እንዳለባት አወቀች።

«አንቺ ውጪ» አሏት እማማ ካሰች። «ከዚህ ልጅ ጋር የምነጋገረው አለኝ።»

«እማማ...»

«ውጪ አልኩ እኮ። የአንቺን ወገን ሰማን፤ ይበቃል።»

ግቢው መሐል ብቻዋን ቆመች። ከበረንዳው የአያቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማታል፣ የእሱም አልፎ አልፎ። ምን እንደሚባባሉ አይለይም። ስለ እሷ እየተፈረደ ይሆናል። ይቅር ይላት ይሆናል፣ ወይም የአሮጊቷን እጅ ስሞ በዚያው ወደ ጎባ ይሄድ ይሆናል። መለመን አማራት፤ በምን አፏ?

የመኪና ጥሩንባ ከበሩ ውጭ ተነፋ። የአባቷ ነው። በሩን የሚከፍተው ዘበኛ እሑድ እረፍት ነው። እሷው ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበችው።

አቶ ኩማ መኪናውን አስገብተው ሞተሩን ሳያጠፉ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። የበረንዳው ግንብ የተቀመጡትን ቢጋርድም፣ ደጃፉ ላይ ያለውን፣ የተራራ ጭቃ ያልለቀቀውን የወንድ ጫማ አይተዋል። እንግዳ አለ እንዴ ብለው ጠየቁ።

«አለ አባዬ። የኔ እንግዳ ነው። ዮፍታሄ ይባላል፣ የጎባ ልጅ ነው፣ ኦርቶዶክስ ነው። ከአንተ ስደብቀው የኖርኩት እሱን ነው። በድዬዋለሁ፤ አንተንም በድያለሁ።»

አባቷ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ሞተሩ ይንጎራጎራል። ያ ሁሉ ዓመት የፈራችው ለቅሶ ፊታቸው ላይ ብቅ ሲል ታየዋለች፤ ዘንድሮ በመስኮት ሳይሆን በቅርብ፣ በእሷው እጅ የመጣ። ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላነሳችም። የሞቱት አበቦች እንደሞቱ ናቸው፣ የእሱ ዓመት እንደጠፋ ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም፤ ጸጸቷም ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ብቻ ያንን ስም በገዛ ቤቷ ግቢ ጮክ ብላ ስትጠራው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አባቷ ሞተሩን አጠፉ፤ በዝምታው ውስጥ ከበረንዳው የዮፍታሄ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ኩማ ድምፁን እያዳመጡ እንደሆነ ስታይ ሀሴት የመኪናውን በር ይዛ ቆመች፤ እየፈራች፣ እያለቀሰች፣ ሳትሸሽ።